ማሽኑ ደህና ነው

ማስታወቂያውን የጻፈው ራሱ ነው። «ያገለገለ የጌም ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ይሸጣል። ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ በባለቤቱ እጅ የተገጣጠመ። ማሽኑ ደህና ነው፤ የታመመው የእኔ እጅ ነው።» ሚስቱ የመጨረሻዋን ሐረግ አየችና ሰረዘችበት። መልሶ ጻፋት። እንደገና ሰረዘችበት። «ሰው ኮምፒውተር ሊገዛ ይመጣል እንጂ ሊያስታምምህ ይመጣል እንዴ?» አለችው። እሱ ግን ያ ማሽን በሐሰት እንዲጠረጠርበት ጭራሽ አይፈልግም። ሦስተኛ ጊዜ ጻፋትና ለጠፈው።

ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነው። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ሠርቷል፤ መርፌ ሲያዩ ቤቱን በጩኸት የሚያፈርሱ ሕፃናት እሱ ሲወጋቸው መወጋታቸውን ሳያውቁ ይነሣሉ። «እጁ ቀላል ነው» እየተባለ ከሌላ ሰፈር ድረስ ይመጡለት ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ሁለት ዓመት ሆነው፣ በእሱ አነጋገር፣ እጁ ከከዳው። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ጽፎ ለክሊኒኩ ባለቤት ሰጠ። እሷም የጥርስ ሐኪም ነች፤ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቁጣዋ ግን የሃያ ዓመት ሰው ነው። ደብዳቤውን አነበበችና አጠፈችው። «እስከ ሰኞ ጠዋት ወንበርህ ያንተ ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ካላየሁህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ከመጣህ ደግሞ ይሄን ጢም ተላጭተህ ና፣ የአፍ መሸፈኛው አልገጥምህ ብሏል» አለችው።

ጢሙንም ቢሆን ለማማር ብሎ አላሳደገውም። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ማሳረፍ ፈርቶ ነው። ሚስቱ «መናኙ» ትለዋለች፤ መጀመሪያ ላይ እየሳቀች ነበር የምትለው።

እጁን የሚለካበት ዘዴ ነበረው። ከሥራ ሲገባ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና አንድ ዙር ይጫወታል። ጌሙ ያረጀ፣ ቀላል ነገር ነው፤ መቶ ኢላማ አንድ በአንድ ብቅ ይላል፣ ሳይጠፋ መምታት ነው። የመታውን ቁጥር ከቀኑ ጋር ሰማያዊ ደብተር ላይ ይጽፋል። ሌላው ሰው ደም ግፊቱን እንደሚለካው መሆኑ ነው። ድሮ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አራት፣ ሲከፋ ዘጠና ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ስልሳ ሦስት መታ። ደክሞኝ ነው አለ። በማግስቱ ስልሳ አንድ። በሳምንቱ ሃምሳ ስምንት። የማነጣጠሪያውን መስቀል በማውሱ ወደ ኢላማው ሲገፋው እጁ ወደኋላ የሚቀር መሰለው፤ ባዘዘውና በሠራው መካከል አንድ ነገር የገባ መሰለው። ይህ ሰው የገዛ ጣቶቹን ማየት የጀመረው ያኔ ነው፤ ጣቱን ቀኑን ሙሉ የሚያይ ሰው ደግሞ የማይንቀጠቀጥ ጣት አያገኝም። ወር ሳይሞላ ክሊኒክ ውስጥ መቦርቦሪያውን ሲያነሣ እጁ እውነትም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ማሽኑን መጠርጠር ለአፍታ እንኳ አልመጣለትም። አራት ወር ፈጅቶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ አጥንቶና አማርጦ፣ አንዷን ብሎን አራት ጊዜ ፈትቶ አራት ጊዜ አስሮ የገጣጠመው ነው። የጎኑ መስታወት ላይ የጣት አሻራ ካየ ሰው ቤቱን የደፈረበት ያህል ይከፋዋል። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ትልቁም እሱ ነው። አባቱ።

አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሆነው አባትየው በአርባ ሦስት ዓመቱ ሱቁን ዘጋ። ልጁ በዓይኑ አይቷል። አባቱ መርፌውን ክንዱን እስከ ጫፍ ዘርግቶ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አድርጎ ይይዘዋል፤ ክሩ በቀኝ ያልፋል፣ በግራ ያልፋል፣ አይገባም። አንድ ቀን የሰው ሙሉ ልብስ ከምልክቱ ውጪ ቆርጦ አበላሸ። መቀሱን አስቀመጠና «እጄ ከዳኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ፤ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እቤት ውስጥ ስለዚያ እጅ ማውራት ነውር ነበር። ልጁም አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። አርባ ሲሞላው ግን መጠበቅ ጀመረ፤ ስልሳ ሦስት የመታ ዕለት ይጠብቀው የነበረው እንግዳ የመጣ መሰለው።

«የነርቭ ሐኪም ጋ ሂድ» ስትል ሚስቱ ሁለት ዓመት ለመነችው። «ሄጄ ምን ልባል? የማውቀውን?» ይላታል። ሰውየው ክፉ አይደለም። አባቱ የሰው ልብስ እስኪያበላሽ ድረስ ደብቆታል፤ እኔ የሰው አፍ እስካበላሽ አልጠብቅም ብሎ ነው። ለዚህ ነው ደብዳቤውን የጻፈው፤ ለዚህ ነው ማሽኑን የሚሸጠው። በየቀኑ እየተቀመጡ የገዛ ውድቀትን መቁጠር ደግሞ አንጀት ይበላል።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ገዢዋ መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የሕንፃ ንድፍ ሠሪ ነች፣ እንዲህ ያለ ማሽን ለሥራዋ ትፈልገዋለች። ቦርሳዋ ውስጥ ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይዛለች። በሩ ላይ ጫማዋን ስታወልቅ እንኳ ዓይኗ ማሽኑ ላይ ነበር።

«እጅዎን የታመሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ማሽኑ ግን ደህና ነው።»

«ምሕረቱን ይላክልዎት» አለችና ጎንበስ ብላ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። «ጥሩ አድርገው ነው የገጠሙት። ኬብሎቹን እንዲህ አስተካክሎ የሚያስር ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሐኪሙ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቱ ነፋ አለ። ማሽኑን አስነሣላት። «ድምፁን ስሚ እስቲ» አላት።

«ምንም አይሰማም።»

«እሱ ነው እንግዲህ! ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።»

ንድፍ ሠሪዋ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ጌም ሲከፈትበትም?»

«ጌም ሲከፈትበትም።»

«እስቲ አንድ ዙር ይጫወቱልኝ፣ ልየው።»

ሰው ፊት ሊጫወት መሆኑን ሲያውቅ ላብ አጠመቀው። ሚስቱ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ተጫወተ። እጁ ተንቀጠቀጠ፤ መስቀሉ ከኋላ ከኋላ እየተጎተተ ተከተለው። ሃምሳ አራት።

«አየሽ?» አለ፣ ዕዳ እንደወረደለት ሰው። «እጄ ነው። ማሽኑ ምንም የለበትም።» ሰው በገዛ ውርደቱ ዕቃ ሲያሻሽጥ ለማየት ያን ቀን እዚያ ቤት መገኘት ነበር። ሚስቱ ፊቷን አዞረች።

ልጅቱ ቁጥሩን አላየችውም። ተንበርክካ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ልትለጥፍ ምንም አልቀራትም። «የግራፊክስ ካርዱ ፋኖች አይዞሩም» አለች። ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ምስሉን የሚሠራው ዕቃ ነው፤ ከሳጥኑ ውስጥ ትልቁም ውዱም እሱ ነው። ሥራ ሲበዛበት ይግላል፣ ሲግል ፋኖቹ ሊያቀዘቅዙት ይዞራሉ።

«ዝምተኛ ነው፤ መርጬ ነው የገዛሁት።»

«ዝምተኛ ሌላ፣ የማይሠራ ሌላ» አለች። «ጠረጴዛውን ትንሽ ሳብ እናድርገው?»

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። የማይሠራ የሚለው ቃል ልቡ ላይ ነው ያረፈው። ቢሆንም ጠረጴዛውን ሳበላት። ባትሪዋን አበራችና ከኋላ ገባች። ከዚያ ሳትወጣ ስትቆይ ባልና ሚስት ተያዩ።

«ዶክተር፣ የሞኒተሩን ኬብል ማነው የሰካው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«እዚህ ቤት የገባን ዕለት።»

«በጨለማ» አለች ሚስቱ ከበሩ። «አምፖሉ ገና አልተገጠመም ነበር። መብራት ልያዝልህ ስለው፣ ‹የገዛ እጄን ሥራ በመብራት ልፈልገው?› ብሎኝ፣ ክንዱን ከኋላ ሰዶ በዳበሳ ነው የሰካው።»

ንድፍ ሠሪዋ ከኋላ ብቅ አለች። ሰው ቤት ገብታ መጥፎ ወሬ እንደምታረዳ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከኋላ ሁለት ቦታ መሰኪያ አለ፤ ታች ያለው የግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ላይ ያለው የማዘርቦርዱ፣ የዋናው ሰሌዳ። የእርስዎ የተሰካው ላይኛው ላይ ነው። ካርዱ ሥራ ፈት ሆኖ ነው የተቀመጠው። ሁለት ዓመት ምስል ሲያወጣልዎት የኖረው ሌላ፣ ደከም ያለ ነገር ነው፤ ስለዚህ ማውሱን ሲያንቀሳቅሱ ስክሪኑ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ፋኖቹም የማይዞሩት ለዚህ ነው።»

«አይደለም» አለ ሐኪሙ።

«ይዩት።»

በጉልበቱ ተንበርክኮ አየው። የካርዱ መሰኪያ ላይ ትንሽዬ ጥቁር የላስቲክ መክደኛ ነበረች። ያቺን መክደኛ ያውቃታል። ከድሮው ቤት ሲለቁ፣ በጉዞ ላይ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ፣ በገዛ እጁ የደፈናት እሱ ነው። እንደደፈናት ነበረች።

ክው አለ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ሚስቱ ከበሩ ድረስ አየችው። ይህ ሁሉ ነገር፣ ደብተሩ፣ ጢሙ፣ ደብዳቤው፣ «ዛሬ እሱ አይሠራም አይደል?» እያሉ በር ላይ ሲጠይቁ የሰማቸው ሕሙማን፣ ሁሉም አንድ ጣት በማታህል ላስቲክ ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። መክደኛዋን ነቀላት። ኬብሉን ከላይኛው አውጥቶ ታችኛው ላይ ሰካው። ማሽኑን ሲያስነሣና ጌሙን ሲከፍት ፋኖቹ ቀስ ብለው መዞር ጀመሩ፤ ለሁለት ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እንደገና ይጫወቱ» አለች ልጅቱ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሳተ። አራተኛውን መታው። አምስተኛውንም። ከዚያ መስቀሉ እሱ ያለበት ቦታ እየተገኘ መጣ፤ ሲያዝ እዚያው፣ ሲያስብ እዚያው። ሠላሳኛው ላይ እጁን ማየት ረሳ። ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ዘጠና አንድ የሚል ተጽፏል።

ሚስቱ ፎጣውን ወረወረችና ሰማያዊውን ደብተር ከመደርደሪያው አወረደች። እየገለበጠች ወደኋላ ሄደች። እዚህ ቤት የገቡበትን ቀን አገኘችው፤ ዳር ላይ በእሱ ጽሕፈት «አዲስ ቤት። ደክሞኛል» ይላል፣ ከጎኑ ስልሳ ሦስት። ከፍ ብሎ ካለው መስመር ላይ፣ ከሦስት ቀን በፊት፣ በድሮው ቤት፣ ዘጠና ሦስት። ጣቷን በሁለቱ መካከል አኖረች።

«በሦስት ቀን ሠላሳ ነጥብ የሚበላ በሽታ የት ነው የተማርከው?» አለችው። «አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ?»

«ክሊኒክ ውስጥም እኮ ይንቀጠቀጣል።»

«ማታ ማታ ይሄን እየጻፍክ ብትገባ የማን እጅ አይንቀጠቀጥ? ፈርተህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርተህ ነው።» ተናደደች፣ ደስ አላት፣ ደግሞ ተናደደች፤ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ጠፋት።

ንድፍ ሠሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ እንግዲህ… ሐሳብዎን ቀይረው ከሆነ አልቀየምም።»

«ውሰጂው» አለ ሐኪሙ።

«ውሰጂልኝ» አለች ሚስቱ። «ነገ ደግሞ እግሬ ነው ሳይል ውሰጂልኝ።»

ልጅቱ ሳቀች። ከፍላ፣ ሞኒተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አቀፈች። ሳጥኑን ተሸክሞ አራት ፎቅ ያወረደላት እሱ ነው፤ መኪናዋ ውስጥ ሲያስቀምጠው አንድ ጊዜ እንኳ አላጋጨውም። «ኬብሉን ታችኛው ላይ» ሲላት «በመብራት» አለችውና ሄደች።

ተመልሶ ሲመጣ ሚስቱ ደስታውን ፊቱ ላይ ፈለገች፤ አጣችው። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራው አራት ማዕዘን ሠርቶ ቀርቷል። ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «የኔ ይሁን ኬብል ነው» አለ። «የአባቴስ? የሱ እውነት ነበር። ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል።»

«እናትህን ጠይቃት።»

«እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል?»

«በስልክ» አለችና ደውላ ጆሮው ላይ ለጠፈችለት።

እናቱ ሰላምታውን ሳትጨርስ አቋረጣት። «እማዬ፣ አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ስንት ዓመቱ ላይ ነው?»

«የምን መንቀጥቀጥ?»

«እጁ ነዋ። ሱቁን ያዘጋው።»

«ምነው ልጄ፣ እሱ እጁ ተንቀጥቅጦ ያውቃል እንዴ? እስኪሞት ድረስ በምላጭ ራሱን አይደል የሚላጨው? ልጅ ሆነህ መስታወቱን የምትይዝለት አንተ አልነበርክም?»

ሐኪሙ ዓይኑን ጨፈነ። ነበር። መስታወቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ደግፎ ይቆማል፤ አባቱ አንገቱን ቀና አድርጎ ምላጩን ከጆሮው ሥር አስነሥቶ ጉሮሮው ድረስ ያወርደዋል። አንድ ቀን ደም አላየም። ያንን ያየው ዓይን ነው መርፌውንም ያየው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው አያውቅም። ክንድን እስከ ጫፍ መዘርጋት፣ ወደ ብርሃን ማዞር። ከአርባ በኋላ ቅርብ ነገር የሚደበዝዝበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

«ታዲያ እጄ ከዳኝ ያለው ለምንድነው?»

«መስሎት ነዋ» አለች እናቱ። «ስልሳ ዓመቱ ላይ፣ የትምህርት ቤቱን ሠራተኞች ዓይን የሚመረምሩ ሰዎች መጡና መነጽር ሰጡት። ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ ቁልፍ ልተክል መርፌ ይዤ ነበር። ‹እስቲ አምጪው› አለኝ። መነጽሩን አደረገና አስገባው፣ በአንድ ጊዜ። አወጣውና እንደገና አስገባው። ከዚያ መርፌውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መዳፉን ሲያይ ዋለ። እህል አልቀመሰም።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አደራ አለኛ። ‹ልጁ ሐኪም ሊሆን ነው፤ አባቱ መነጽር አጥቶ አሥራ ሰባት ዓመት በር እንደጠበቀ አይስማ› አለኝ። አደራውን በላሁበት እንግዲህ።» አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማው። «ምን ሆነህ ነው የጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው እማዬ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አለቀሰ፤ ጮክ ብሎ ሳይሆን እንዲሁ እንባው ወረደ። ሚስቱ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ሁሉንም ሰምታ ነበርና አጠገቡ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። «ሰኞ ከሥራ ስትወጣ የነርቭ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን» አለችው። እሺ አለ። ያን ቃል ከአፉ ስትሰማ በሁለት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

ተነሣና መታጠቢያ ቤት ገባ። ፊቱን አረፋ አደረገ፤ ከካቢኔው ጀርባ ተደብቆ የከረመውን ምላጭ አወጣ።

«ነይና መስታወት ያዢልኝ» አላት።

«ግድግዳው ላይ አለልህ እኮ።»

«ያዢልኝ።»

ትንሹን መስታወት አምጥታ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ደግፋ ቆመች። አንገቱን ቀና አደረገ። ምላጩን ከጆሮው ሥር አስነሥቶ ቀስ እያለ እስከ ጉሮሮው ድረስ አወረደው፤ ደም አልወጣም። እጁ አልተንቀጠቀጠም። የተንቀጠቀጠው መስታወቱ ነበር።